ረቂቁን መጀመሪያ ማን ይየው?

ጀማሪ ጸሐፊ ረቂቁን ለሰው ከማሳየቱ በፊት ቻትጂፒቲን ለመሰለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሰጥቶ አስተያየት ቢቀበል ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? አንዲት የኮሌጅ የጽሑፍ መምህርትና ለረጅም ዘመን በአርታኢነት የሠሩ ሰው ይከራከራሉ።

መምህርት፦ ይጠቀማል። ተማሪ በሞላበት ክፍል የእያንዳንዱን ድርሰት መስመር በመስመር አንብቦ የሚመልስ መምህር የለም። ተማሪው የሚያገኘው ከአሥር ሰባት የሚል ቁጥር ነው፤ ሦስቱ ለምን እንደጎደለ ሳያውቅ ይመረቃል። አንዲት ተማሪዬ ስለ እናቷ የጻፈችውን ታሪክ ለማሽኑ ስትሰጥ “አታርምልኝ፤ አንባቢ የሚደናገርበትን ቦታ ብቻ ጠይቀኝ” አለችው። እሱም “በመጀመሪያው ገጽ ‘እናቴ መጡ፣ ተቀመጡ’ ይላል፤ በሦስተኛው ገጽ ‘አለቀሰች’ የተባለችው ሌላ ሴት ናት?” ብሎ ጠየቃት። ተመልሳ ስታየው አንቱታው የጠፋው እናቷ ሆስፒታል ከገቡበት ቦታ ጀምሮ ነው። አላስተካከለችውም። ይልቁንም ልጅ እናቷን እንደ ልጅ መንከባከብ የጀመረችበትን ሌሊት እዚያ ላይ ጨምራ ጻፈች። ማሽኑ አንድም ዐረፍተ ነገር አልጻፈላትም።

አርታኢ፦ እህቴ፣ ያቺ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ምን መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ለእኔ የሚደርሱኝ በማሽን ምክር የታረሙ ረቂቆች ግን ሁሉም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። አንድ ወጣት እንዲህ ጽፎ ነበር፦ “ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ እሳቱን ቆስቁሳ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ ልጇን ቀስቅሳ ደጁን ስትከፍት ወታደሮቹ ቆመዋል።” ማሽኑ “ረዝሟል፣ ከፋፍለው” አለው፤ እሱም ታዘዘ። “ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። እሳቱን ቆሰቆሰች። ጀበናውን ጣደች።” የመጀመሪያው አንባቢን ትንፋሽ ሳይሰጥ ከሴትዮዋ ጋር ደጁ ላይ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው የሥራ ዝርዝር ነው። አማርኛ ድርጊትን በድርጊት ላይ እየደረበ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ ቋንቋ ነው። ማሽኑ ግን በአብዛኛው የተማረው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ዊኪፔዲያን ብቻ ብታዪ በእንግሊዝኛ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ አለ፤ በአማርኛ 15 ሺህ ገደማ።

ሙገሳውም ያሳስበኛል። በ2025 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኩባንያ ኦፕንኤአይ የፕሮግራሙን አንድ ማሻሻያ ተጠቃሚን ከልክ በላይ ያሞግሳል ብሎ ራሱ ሰርዞታል። ጀማሪን “ድንቅ ነው” እያሉ ማሳደግ አይቻልም።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ስለ ዐረፍተ ነገሩ እውነትዎን ነው። እኔም ተማሪዎቼን ስለ ዐረፍተ ነገር ርዝመትና ስለ ውበት እንዳይጠይቁት እከለክላለሁ። ነገር ግን እርስዎን የመሰለ አርታኢ የሚያገኙት ስንቶቹ ናቸው? ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች ማታ በስልኳ የምትጽፍ ልጅ ረቂቋን ለማን ታሳይ?

አርታኢ፦ አብራት ለምታድር ጓደኛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብላት። ጓደኛ ሲሰለቻት ዐይኗ ይሸሻል፤ ልቧ ሲነካ ዝም ትላለች። ጸሐፊ የሚማረው ከዚያ ነው። ማሽን አይሰለቸውም።

መምህርት፦ ጓደኛዋ ላታስቀይማት ብላ “ያምራል” ትላታለች፤ ከማሽኑ ሙገሳ በምን ይለያል? ደግሞም የተሰላቸችው በየትኛው አንቀጽ፣ ለምን እንደሆነ አትነግራትም። ማሽኑ በትክክል ከተጠየቀ ቦታውን ያሳያል። ውሳኔው የልጅቷ ነው።

አርታኢ፦ እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። ጀማሪ መጀመሪያ የሰማው አስተያየት ጆሮው ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ከሰው ይምጣ። ማሽኑ በኋላ የፊደል ግድፈትና አንቱታ ይልቀም።

መምህርት፦ ሰው ባለበት እስማማለሁ። ሰው ለሌላት ልጅ ግን መልስ አልሰጡኝም።

አርታኢ፦ የአንቺ ተማሪዎች ማሽን ያላየውን ረቂቅ ለእኔ ይላኩ፤ አነብላቸዋለሁ። የሪያዷም ልጅ ትላክ።