ዝክር ላስቆማችሁ ጎረቤቶቼ

ጎረቤቶቼ ሆይ፣ የፈረማችሁበትን ወረቀት አይቼዋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ፊርማ አለበት። የአብዛኞቻችሁን አፈራረም በእድራችን መዝገብ ላይ ስንት ዓመት ያየሁት ስለሆነ አልጠፋኝም። «ግቢያችን የለማኝ መሰብሰቢያ ሆነ» ይላል ወረቀቱ፤ «ለልጆቻችን ጤናና ለንብረታችን ደኅንነት ሲባል በየወሩ በ23 የሚደረገው ምገባ እንዲቆም» ይላል። አርቃቂው ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ዘግቶታል። ምን እንዲሰጠን ነው?

ምገባውን የሚያደርጉትን ሰዎች እናንተም እኔም እናውቃቸዋለን። ስማቸውን አልጠራም፤ እነርሱም አይወዱትም። አባት ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን፣ በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ዐሥራ አንድ ነፍስ ይኖራል።

ዐሥራ አንድ የሆኑት በዚህ ዓመት ነው። 2017 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ ነው። መስከረም ላይ የእናትየው እኅት ዐርፋ ሁለት ልጆቿ ሻንጣ ይዘው መጡ። «የት ሊተኙ ነው?» ብለን የጠየቅነው እኛ ነን፤ እነርሱ ሳይጠይቁ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፉ። ጥር ላይ የመጨረሻዋ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ትልቁ ወንድ ልጅ ዲቁና ተቀበለ። እኅቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ የግቢውን ሕፃናት ሰብስባ ታስጠናለች፤ የአራት ፈራሚዎች ልጆች ማባዛትን የለዩት እዚያች በረንዳ ላይ ነው።

የካቲት 17 ሁዳዴ ሲገባ ምን እንዳደረጉም ታውቃላችሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ያልበሉትን ቁርስ ዋጋ በባዶ የወተት ጣሳ አጠራቀሙ። ጾም እንዲህ ነው፤ ከራስ ጉሮሮ የቀረው ለሌላው ጉሮሮ ሲደርስ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እኛ ግን ከቁርሳችን የተረፈውን ለዶሮና ለቅቤ እናስቀምጠዋለን። እነርሱ ለትንሣኤ ጣሳውን ገልብጠው፣ አልጋ ላይ ለቀሩ ሁለት አዛውንቶች ዶሮ ከነእንቁላሉ ሠርተው ወሰዱ። ከአዛውንቶቹ የአንዳቸው ልጅ ከዐሥራ ዘጠኙ ፈራሚዎች አንዱ ነው። ያን ዶሮ አብሮ በልቷል።

ወደ ዝክሩ ልምጣ። አባትየው ጊዮርጊስን ይዘክራል፤ ከአያቱ የወረሰው ነው። ዝክር ድሮ የነዳያን ነበር። በቅዱሱ ስም የተዘጋጀውን መጀመሪያ የሚቀምሰው ደጅ የቆመው ነበር፤ ባለቤቱ የሚተርፈውን ይበላል። ዛሬ እኛ ዝክር የምንለው የጠገበ ጎረቤት የጠገበ ጎረቤቱን የሚጠራበት፣ ለስላሳ በሳጥን የሚወርድበት ድግስ ነው። እኔም ከዚያ ድግስ ቀርቼ አላውቅም፤ በጠላው አልታማም። ይህ ልብስ ሰፊ ግን የአያቱን አልለቅም አለ። ወር በገባ በ23 ሽሮና እንጀራ ያቀርባል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የሚያድሩት ይመጣሉ፣ በልተው መርቀው ይሄዳሉ። ይኸው ነው ወንጀሉ።

አሁን ሰኔ 23 የሆነውን ልንገራችሁ፤ ያላያችሁት «አልሰማንም» እንዳትሉ፣ ያያችሁት ደግሞ እንዳትረሱት።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ጾመ ሐዋርያት ነው፤ ብዙዎቻችን «የቄስ ጾም ነው» እያልን የምንዘልለው፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከነልጆቻቸው የሚጾሙት። እናትየው ሌሊት ተነሥታ ሠራች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇና ዲያቆኑ ወንድሟ ትልቁን ድስት በግራና በቀኝ ይዘው ወደ በሩ ሲደርሱ፣ በሩ በአዲስ ቁልፍ ተቆልፏል። ቁልፉ የታደለው ለፈራሚዎች ብቻ ነው። እያዋጣን የምንከፍለው ጥበቃ «እኔ ዘንድ የለም፤ አለቆቼ ናቸው የያዙት» አላቸው። አለቆቹ እናንተ መሆናችሁ ነው። ለቁልፉ ያዋጣችሁት ገንዘብ የአንድ ወር ዝክር ሽሮ ይገዛ ነበር። ከብረት ፍርግርጉ ማዶ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሰው ካፊያ እየወረደበት ቆሟል፤ ልጅ ያዘለች አለች፣ በክራንች የቆመ አለ።

ከመካከላችሁ አንዷ ከቅዳሴ መጣች። ቆርባ ነበርና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች። በቆሙት ሰዎች መካከል አልፋ፣ በሩን ከፍታ ገባች፤ መልሳ ቆለፈችው። ልጅቷ «እትዬ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ይክፈቱልን» ብላ ለመነቻት። ሴትዮዋ ነጠላውን ከአፏ ላይ ገለጠች። «ጽድቅ ካማራችሁ አውራ ጎዳናው ላይ ሄዳችሁ ጽደቁ!» አለቻት። ከዚያም ተመልሳ ተሸፋፈነች። ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ አፍ እንዳይነጥበው፣ እንዳይተፋ፣ ክፉ እንዳይናገር ነው የሚሸፈነው ተብለን አይደለም ወይ የተማርነው?

ልጆቹ ተስፋ አልቆረጡም። ድስቱ በፍርግርጉ አያልፍም፤ ጭልፋውም አያልፍም። ልጅቷ እንጀራውን እየጠቀለለች ሽሮ ውስጥ እየነከረች በብረቶቹ መካከል ማቀበል ጀመረች። አምስት ወይም ስድስት ሰው እንደ ደረሰው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ትልቅ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ መጣ። «ስምምነት ይከበር» አለ። ከማን ጋር የተደረገ ስምምነት እንደሆነ አልተናገረም። የድስቱን ጆሮ ያዘ፣ ዲያቆኑ በሌላው ጆሮ ያዘ፣ ተጓተቱ። ድስቱ ተደፋ። «ሳያስበው ነው» ትላላችሁ። ይሁን፤ ሳያስበው ነው። አስቦ ያደረገው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ ሱሪው ጫፍ ላይ የረጨውን ሽሮ ጎንበስ ብሎ በመሐረብ ጠረገና ሄደ።

እኔ የደረስሁት ይኼኔ ነው። ሽሮው በኮብልስቶኑ መጋጠሚያ እየተንኳለለ ወደ በሩ ሥር ይወርዳል። ከማዶ አንድ ሽማግሌ በርከክ ብለው፣ በበሩና በመሬቱ መካከል ባለችው ክፍተት እጃቸውን አስገብተው፣ ከድንጋዩ ላይ በእንጀራ እየጠቀሱ ይበላሉ። አይቸኩሉም። አሸዋ የነካውን በጥፍራቸው ለይተው ወደ ጎን ያደርጋሉ፣ ንጹሑን ይጠቅሳሉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው ልጅቷን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት። እርሷ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማለች። ፎቁ ላይ ሁለት ሰዎች በስልካቸው ይቀርጹ ነበር።

ጎረቤቶቼ፣ እንዲህ አልነበርንም ብዬ ልጀምር እልና ቃሉ ይተናነቀኛል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ የነበሩ ወዳጆቻችንን ዕቃ በጭነት መኪና ስንጭን አልተላቀስንም? ከአንድ ድንኳን ሥር ሠርግና ለቅሶ የዋልን ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተበተኑ፤ ስንት እድር በአንድ ሳምንት ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ «የተረፍነው እንተሳሰብ» ያልነው እኛው ነን። የተረፍነው ግን በአዲሱ መብራትና በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ፊት ድሃ እንዳይታይብን የምንሳቀቅ ሰዎች ሆንን። የመንገዱ ማማር ምንም አላጠፋም። እኔም ማታ ማታ እየተንሸራሸርሁበት ነው።

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር «የአድዋው ጊዮርጊስ» እያልን አደባባዩን እንሞላለን፤ በ1888 ታቦቱ ከጦሩ ጋር መዝመቱን ለልጆቻችን እንተርካለን። በዚሁ በጊዮርጊስ ቀን የድሃ ድስት ደፍተን ስናበቃ የምንተርክላቸው ምን ቀረን? ሌላም መዘርዘር ይቻላል፦ ቅዳሜ ገበያ ላይ በአንድ ብር የሚጨቃጨቅ፣ እሑድ ለምንጣፍ ሺህ ብር የሚሰጥ ሞልቷል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረን፣ አንድ ቤተሰብ ቃሉን ከነልጆቹ ሲኖረው ብናይ ፊርማ ማሰባሰባችን ነው። ስብከቱ ደስ ያሰኘናል፤ የሚፈጽመው ጎረቤት ግን ይረብሸናል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። የእነርሱ ድስት በየወሩ 23 የእኛን ማድ ቤት ያጋልጣል። በሁለት ክፍል ዐሥራ አንድ ሆነው ከተረፋቸው፣ በአራት ክፍል ሦስት የሆንነው «የለንም» ማለት አንችልም።

ሌባ ይገባል ብላችኋል። በዚህ ዓመት ከግቢው የጠፋ አንድ ዕቃ ንገሩኝ። በሽታ ይመጣል ብላችኋል። እዚያ በር ላይ እጅ ሳይታጠብ የበላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጆግና ሳሙና ይዛ የምታስታጥበው አሮጊቷ አያት ናት።

በተቆጣሁ ቁጥር ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ክፉ ሰዎች አለመሆናችሁን አውቃለሁና። ያቺ ሴት የታመመ ስታስታምም አይቻለሁ። ባለ ጃንጥላውም በእናቴ ለቅሶ ሦስቱንም ሌሊት አብሮኝ ነበር። ይህ ነው የሚከብደኝ፤ ባላውቃችሁ ኖሮ ስድብ ይበቃኝ ነበር።

ሐምሌ 23 አባትየው ሽሮውን በየጎድጓዳ ሳህኑ ቀንሶ፣ ልጆቹን አሰልፎ፣ በሩ ሳይቆለፍ ገና በማለዳ አውጥቶ መንገድ ዳር አበላ። ጥበቃው ሳይጠሩት አብሮ ተሸከመ። ከፈራሚዎቹም ሁለቱ ስማችን ይሰረዝ ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ዐሥራ ሰባት ቀራችሁ። ብዙ አልጠብቅም። ሁለት ፊርማ ለመሰረዝ አንድ ወር ከፈጀ ገና ስንት ወር እንደሚቀረን መቁጠር ይደክማል።

ነሐሴ 23 ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው፤ በዓመቱ የመጨረሻው ዝክር ይሆናል። በሩን ብትከፍቱ መልካም። ባትከፍቱም ያበስላሉ፤ ይህን አባትየው ራሱ ነግሮኛል። ችግራቸው የእጅ ነው፤ እናትየው ሕፃን አዝላ ያን ሁሉ ሽንኩርት ብቻዋን አትችለውም። በዋዜማው፣ በ22 ማታ፣ መክተፍ ይጀምራሉ። የምትመጡ ቢላዋ ይዛችሁ ኑ፤ እነርሱ ቤት ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱም ዶልዱሟል።