እርማት፦ የተሸፈነ ብስባሴ አልዳነም

ከመስኮቱ ሥር ውሃ ገብቶበት በስብሶ ለለሰለሰው የተጎታች ቤት ግድግዳ «በላዩ አዲስ ፕላይውድ ለጥፍ፣ የውጩን ስንጥቅ በሲሊኮን ድፈን» የሚል ምክር ተሰጥቶዎታል። ምክሩ የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ ግድግዳ ውስጡ በብዛት ቀጭን የእንጨት አጽም፣ ፎም እና ስስ ፕላይውድ ነው። አዲስ ገጽ ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። እንጨት አብስባሹ ፈንገስ ደግሞ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ እስከሆነ ድረስ ከሽፋኑ ሥር ሆኖ መብላቱን አይተውም። ስለዚህ የለሰለሰው ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፤ አጽሙ ይድረቅ፤ የበሰበሰው ዘንግ ይተካ። ገጹ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መድረቁ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ውሃው እድፉ በታየበት ቦታ ገብቷል ብሎ ማመንም ስህተት ነው። ውሃ አጽሙን ተከትሎ ሩቅ ይጓዛል። ምንጩ ብዙውን ጊዜ የጣሪያው ጠርዝ፣ የማዕዘኑ ክፈፍ ወይም የመስኮቱ ዙሪያ ነው። ክፈፉን ፈትተው፣ ያረጀውን ማሸጊያ ፍቀው፣ በአዲስ የቡታይል ቴፕ (ተጣባቂ፣ ጎማ መሰል የማሸጊያ ጥቅል) መልሰው ይሰሩት። ከላይ ሲሊኮን መቀባት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለቀጣዩ ጠጋኝ ቂም ማኖር ነው፤ ሲሊኮን የነካው ገጽ ሌላ ማሸጊያ በቀላሉ አይቀበልም።

የውጩ የፋይበርግላስ ሽፋን አብጦ ከሆነ ግን ከግድግዳው ጋር ያጣበቀው ሙጫ ለቋልና ጥገናው ከዚህ የተለየ፣ የከበደም ነው።