በር ላይ የቆመውን ሁሉ ጠበቃ አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፤ የደረሰባት ይበቃታል። ትዳሯ ሲበላሽ ባሏም እሷም ፍቺ ፈለጉ። ያኔ እኛው፣ የዕድሩ ሰዎችና የቡናው ጎረቤቶች፣ «አንድ ጠበቃ አለ፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ቶሎ ይጨርሳል» ብለን ላክናት። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ፣ ኮት ለብሶ ጥቁር ቦርሳ ይዞ የሚቆም ሰው ነው። አላፊ አግዳሚው «ጋሼ ጠበቃ» ይለዋል። የጥብቅና ፈቃድ ግን የለውም። ኖሮትም አያውቅም።

ስምምነት ጻፈላት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ቁጥር ሦስት ላይ፣ በባለቤቷ ስም የተመዘገበው ኮንዶሚኒየም የግል ንብረቱ እንደሆነና እሷ የምትጠይቀው መብት እንደሌላት ይላል። ከሥሩ ፈርማለች፤ ፊርማው ተንጋዷል። የዚያ ቤት ቅድመ ክፍያ እኮ የወጣው ከምጣዷ ነው! «ውሉ በሱ ስም ነው፤ ክርክር ከገጠምሽ ልጆቹንም ታጪያለሽ» አላት። አመነችው። ለምን አታምነው? እኛ ነን የላክናት።

ችሎት የገባች ቀን «ዳኛዋ ከጠየቁሽ ተስማምቻለሁ በይ፤ ሌላ ነገር እንዳትተነፍሺ» ብሎ ሸኛት። እሱ ውጭ ቀረ። ገብቶ ምን ይበል? ፈቃድህን አሳይ ሊባል ነው። እሷ ተጠየቀች፣ ተስማምቻለሁ አለች፣ ስምምነቱ ጸደቀ።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ይህን የማያውቅ የቤተሰብ ጠበቃ የለም። አንቀጽ 80 ደግሞ ስምምነቱ የልጆችን ደህንነት ወይም የአንደኛውን ወገን ጥቅም ካልጠበቀ፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን እንዲያስተካክል ያስችለዋል። ግን የሚናገርላት ሰው ከጎኗ አልነበረም።

መኪናችንን ለመካኒክ ስንሰጥ እንኳ የት ሠራ፣ የማንን ሠራ ብለን ሰፈር እናዳርሳለን። ቤትና ልጅ የምናስረክበው ሰው ሲሆን ግን ኮቱን አይተን እናምናለን። ጠበቃ የሚያሰኘው የሕግ ዲግሪ፣ ልምድና ፈተና ነው፤ በአዋጅ 1249/2013 የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ፈቃድዎን ያሳዩኝ ማለት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ፈቃድ ያለውም ቢሆን ይጠየቅ። የቤተሰብ መዝገብ ይዘው ያውቃሉ? ቀለብና የንብረት ክፍፍል ተከራክረዋል? ዕድሜውን በንግድ ውል የፈጀ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለሷ ጉዳይ ግን ላይሆን ይችላል። (ዘመድ ይቁምልኝ የሚል ካለ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለባል፣ ለሚስት፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለወንድም ይፈቅዳል። ጋሼ ጠበቃ ወንድሟ አይደለም።)

አቅም የለኝም የሚል ሰበብም አይሰማ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ሲያግዝ ስንት ዓመቱ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ይህን ሳንነግራት በር ላይ ወዳለው ሰው መራናት።

አሁን እሷ የቤት ኪራይ ትከፍላለች። እኛም ስናገኛት «እግዜር ያውቃል» እንላለን። እግዜርማ ያውቃል። እኛ ነን ያላወቅነው።

በነፃ የምትቆምላት እውነተኛ ጠበቃ ተገኝታለች፤ ስምምነቱን ለማስፈረስ እየሞከረች ነው። ጠበቃዋም አንዴ የጸደቀ ነገር ስለሆነ ከባድ ነው ብላ እቅጩን ነግራታለች። ዕድራችንም ፍርድ ቤት የሚሄድን ሰው የሚያጅቡና ፈቃድ የሚጠይቁ ሁለት ሴቶች መርጧል። ይዘልቃል ብዬ አልምልም፤ ስንት ነገር ጀምረን ትተናል። ሴቶቹ ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ይዘው ሄደዋል።