«ባዶ ቦታ» አትበሉት

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ መንግሥትን መውቀስ ለምዶብናል። ዛሬ ግን የምቆጣው እኛን ነው።

በሰፈራችን አንዲት ሜዳ ነበረች። ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ደመራ ይለኮስባታል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣልባታል። እኛ ግን «ባዶ ቦታ» እንላት ነበር። አንዱ አጥሩን ገፋ አደረገ። ሌላው መኪናውን አቆመባት። ሌላው የቤቱን ፍርስራሽ ደፋባት። ሁላችንም እያየን «ምን አገባኝ» ብለን አለፍን። እኔም አልፌያለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ለቀስተኛው የሚቀመጠው አስፋልት ዳር ነው። ልጆቹም ኳሳቸውን የሚያሳድዱት በመኪና መሀል ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ጋ ደርሶ ነበር። ከኮንዶሚኒየም ልጅ ታቅፈው የወረዱ ሰዎችን አስታውሱ። ከሕንፃ ራቅ ብሎ የሚቆምበት ገላጣ መሬት የሌለው ሰው የት ይሂድ? ሸገር ፓርክም እንጦጦም ደስ ይላሉ፤ በጭንቅ ሰዓት ግን የሚደረሰው በእግር ወደሚደረስበት ነው።

ውሃውንም አስቡት። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ መሬቱ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። የክረምት ዶፍ መንገዱ ላይ አፈርና ሣር ካገኘ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። እኛ ግን ግቢያችንን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ለሰንነው። ኮብልስቶን አሸዋ ላይ ስለሚነጠፍ በድንጋዮቹ መሀል ውሃ ያሳልፋል፤ እሱንም እንዲያምር ብለን በሲሚንቶ ደፈንነው። የዛፍ ሥር እንኳ ሳንደፍን አልተውንም። መስረጊያ ያጣ ውሃ ወደ ቱቦ ይሮጣል። ባለፈው ክረምት ከጎረቤቶቼ ጋር አንዱን ቱቦ ከፍተን ነበር። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የጫት ገራባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ወጣ። ሁሉም ከእኛው ቤት የወጣ ነው። በዚያው ሰሞን ጎርፉ የገባው ግን ከታች፣ ወንዝ ዳር ካሉት ደሃ ጎረቤቶቻችን ቤት ነው። እነሱ ምን አጠፉ?

የድሬዳዋን ደቻቱ ወንዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃ በዓመት አንዴም ቢመጣ መሄጃውን ይፈልጋል። የወንዝ ዳር ደረቀ ተብሎ ቤት አይሠራበትም።

እና እባካችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ ተነሱ። ከእግረኛ መንገድ ላይ አሸዋና ብሎኬታችሁን አንሡ፤ እናቶቻችን በእሱ ምክንያት አስፋልት ውስጥ እየገቡ ነው። ደጃችሁ ያለውን ቱቦ ከፍታችሁ እዩት። ከግቢያችሁ ሲሚንቶ ቢያንስ አንዱን ጥግ ፍለጡና አፈሩን ግለጡት። የገፋችሁትን አጥር መልሱ። ጎረቤታችሁ አጥሩን ሲገፋ ካያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ዕድሩን ሰብስባችሁ በፊቱ ንገሩት።