ማስተካከያ፦ የሴት ልጅ ግርዛት እኛም ጋ አለ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ግርዛት የአፋርና የሶማሌ ብቻ ነው፣ ሃይማኖት ያዘዋል፣ ሕግም አይከለክለውም ይላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ሴቶች 62 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። አፋርና ሶማሌ የሚለዩት ከተቆረጠ በኋላ ብልትን ሰፍቶ ማጥበብ እዚያ ስለሚበዛ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ልጅቷ ገና ጨቅላ ሳለች ነው፤ ድግስ የለው፣ ሰው አያይ፣ እሷም አታስታውሰው፣ ለዚህ ነው የጠፋ የሚመስለን።

ሃይማኖቱስ? ዘፍጥረት 17 የሚያዘው ወንድን ነው። ቁርኣን ውስጥም የሴት ግርዛት ትዕዛዝ የለም። ልማዱ ከክርስትናም ከእስልምናም በፊት የነበረ ነው፤ እዚሁ ጎንደር የኖሩት ቤተ እስራኤሎችም ይፈጽሙት ነበር። ያቆየው ፍርሃት ነው። ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፣ ባል አታገኝም፣ ምጥ ይጠናባታል ይባላል። ምጡማ እንዲያውም በጠባሳው ምክንያት ይብሳል! አያቶቻችን ይህን ሲሉ ክፉ አስበው አይደለም፤ ሕፃኗ ግን ትደማለች፣ ቁስሉ ያመረቅዝባታል፣ ልትሞትም ትችላለች።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ገራዡን ከ3 ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። ብልትን መስፋት ደግሞ በአንቀጽ 566 ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የጤና ባለሙያ በንጹሕ ምላጭ ቢያደርገውም ያው ወንጀል ነው።