ካሜራ ያለው ጎረቤት

በከተማ ዳር ካሜራ ያለው ሰው ሥራ አይፈታም። ገንዘብም አያገኝም።

ልብ በሉ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ አላልኩም። የእንጀራ ሥራዬ ሂሳብ መያዝ ነው። ካሜራዋን ያገለገለች ገዝቼ ከደሴ ይዣት መጣሁ። ደሴ ሳለን ዋና ሥራችን ጦሳን ማንሳት ነበር። ጦሳ ለጀማሪ የተመቸ ተራራ ነው። አይንቀሳቀስም። «እስኪ አሳየኝ» አይልም። «ወፈርኩ እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም። ፎቶው መቼ ይደርሳል ብሎም በር አያንኳኳም።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ሁሉ በአጠገባችን ያልፋል፤ ቀና ብሎ አያየንም እንጂ። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ግማሾቹ እንደኔ ኪራይ ገፍቷቸው የመጡ ናቸው። ሁላችንም እንግዳ ነን። ስለዚህ የምንጠራራው በፎቅና በንብረት ነው። «የአራተኛ ፎቋ»፣ «ባለ ቪትዙ»፣ «ባለ ውሻው»። እኔ ገና ፍራሼን በደረጃው ስጎትት የካሜራውን ቦርሳ ያየ ሰው ነበርና በዚያው ቀን «ካሜራማኑ» ሆንኩ። ስሜን እስካሁን የጠየቀኝ አከራዬ ብቻ ነው። እሱም ለውሉ።

እውነቱን ለመናገር ሰፈራችን ውስጥ ካሜራ የሌለው ሰው የለም። ስልክ የሌለው ማን አለ? የብዙዎቹ ስልክ ደግሞ ከእኔ አሮጌ ካሜራ የተሻለ ያነሳል። ግን ስልክን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰውን የሚያሳስበው የሌንሱ ርዝመት ነው። ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ወይ ጋዜጠኛ ነው፣ ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ሠርግ አለ።

አንድ ጧት ፀሐይ ከየረር ተራራ በኩል ስትወጣ ላነሳ አንድ መጋዘን አጠገብ ቆምኩ። ጥበቃው ካፖርቱን እንደደረበ መጣ።

«ወንድም፣ ማንን አስፈቅደህ ነው?»

«ፀሐይዋን ነው የማነሳው።»

«ፀሐይዋን አንሳ። አጥሩን እንዳታነሳ።»

«ፀሐይዋ እኮ ገና ከአጥሩ በላይ አልወጣችም።»

«ትውጣና ታነሳታለህ። ምን አስቸኮለህ?»

የሚያስቸኩለውን ላስረዳው ሞከርኩ። ፎቶ በዩቲዩብ የተማርን ሰዎች ስለ «ወርቃማው ሰዓት» ሳይነገረን ያለፈ ቀን የለም። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የሚኖረው ያ ለስላሳ፣ ቢጫማ ብርሃን ማለት ነው። አስተማሪዎቹ ታዲያ የሚኖሩት ፀሐይ ጎኗን አጋድማ፣ ቀስ እያለች በምትወጣበት ሰሜን አገር ነው። ዘና ብለው ቡናቸውን እየጠጡ ያነሳሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። እዚህ ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የነበረው ብርሃን 1 ሰዓት ተኩል ላይ አይገኝም። 2 ሰዓት ሲሆን የሁሉም ሰው ዓይን ሥር ጥላ ይጠራቀምና ጎረቤቱ በሙሉ ያልተኛ ይመስላል።

ጥበቃው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «ፈቃድ ግን አለህ?» አለ።

ይህን ስንባባል ከአጠገባችን ሁለት ልጃገረዶች ስልካቸውን ብሎኬት ላይ አስደግፈው ለቲክቶክ ይጨፍራሉ። አጥሩ ይታያል። በሩ ይታያል። የመኪናው ታርጋ ሳይቀር ይታያል። ስልኩ ሊወድቅ ሲል ብሎኬቱን ያስተካከለላቸው ራሱ ጥበቃው ነው። ቪዲዮውን በኋላ አየሁት። ከኋላ እሱም ትንሽ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል።

ከብሎካችን ጀርባ የእርሻ ማሳ አለ። የዳር ከተማ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያነሳት አንዲት ፎቶ አለች፤ እናንተም አይታችኋታል። ከፊት ጥንድ በሬ፣ ከኋላ ኮንዶሚኒየም። ከሥሯ «ትናንትና ነገ» ተብሎ ይጻፋል። ፎቶዋ የግድ ጥቁርና ነጭ ትሆናለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ሣሩም አረንጓዴ ነው። ሐሳቡ ግን ድህነት በቀለም አያምርም ነው መሰለኝ።

የማሳው ባለቤት ከእኛ ብዛት የተነሳ ሥራውን ለምደውታል። ሰላም ብዬ ገና ሌንስ ስቀይር «አንተ ልጅ፣ እዚያ ጋ ቁም። ባለፈው የመጣው ከዚያ ነው ያነሳው» አሉኝ። በሬዎቹን አዙረው ብርሃኑ ፊት አመጡልኝ። ጅራፉንም ከፍ አድርገው ያዙ፤ ሳይመቱ። አንስቼ ሳበቃ ጠሩኝ።

«አሁን ደግሞ እኔ የምፈልገውን አንሳኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ምን ይሁን?»

ኮት ለብሰው ከባጃጃቸው ጋር መቆም ነው የፈለጉት። ባጃጁ ልጃቸው የሚነዳው ነው፤ እኔም በየቀኑ የምሳፈረው። በፕላስቲክ አበባ ያጌጠ ነው። ጋሼ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ያች ፎቶ በቀለም ወጣች፤ ለመጥቆር እሺ የምትልም አይደለችም። «ትናንትና ነገ» የሚለው ጽሑፍ ግን ከሥሯ አልገባ አለኝ። ሰውየው እኛ «ነገ» ያልነው ቦታ ላይ ቆመው ሒሳብ እየተቀበሉ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ አንድ ቅዳሜ በር አንኳኩ።

«የኔ ልጅ፣ ፎቶ ታነሳኛለህ?»

«ደስ ይለኛል እማማ። ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለለቅሶዬ።»

ደነገጥኩ። እሳቸው አልደነገጡም። «ልጆቼን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «የሞትኩ ቀን የቀበሌ መታወቂያዬን ፎቶ አሰፍተው ነው ድንኳን ውስጥ የሚያቆሙት። በዚያ ፎቶ ሰው እያየኝ ቢያለቅስ፣ ወንጀለኛ የሞተ ነው የሚመስለው።» መታወቂያውን አወጡና አሳዩኝ። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን በዚያ ፎቶ አላለቅስም።

በቀጠሯችን ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ነጠላ ደርበው መጡ። ነጠላው እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ ጥለቱ ወይን ጠጅና ወርቃማ። ወንበራቸውን አውጥተው ግቢው መሐል፣ የቀትር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ጥላ ይሻላል ብላቸው «ጨለማ ውስጥ ለምን እገባለሁ? የምደበቀው ሰው አለ?» አሉ።

እዚህ ላይ የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚባለውን ጉድ ማወቅ ያስፈልጋል። መለኪያው ዓለምን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ፣ መካከለኛ የሆነ ግራጫ። ፊቱ የመጣለትን ነገር ሁሉ ወደዚያ ይጎትታል። በረዶ ብታሳዩት ግራጫ ያደርገዋል። ነጠላ ብታሳዩት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው ሲጨልም ደግሞ በውስጡ ያለው ጠይም ፊት አብሮ ይጠፋል። ብርሃን ጨምር ብትሉት ፊቱ ይመለስና ጥለቱ በፀሐይ ይነጣል። ሐበሻ ቀሚስ በቀትር ማንሳት ማለት ከዚህ ማሽን ጋር መጨቃጨቅ ነው። የፈጠሩት ሰዎች ጥምቀትን ቢያዩ ኖሮ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር።

እማማ የካሜራውን ስክሪን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩት።

«ነጠላዬ አደፈ» አሉ። «እኔ ደግሞ የለሁም።»

ከዚህ በኋላ ጥላ ለመግባት ተስማሙ። በሰፈራችን ትልቁ ስቱዲዮ የት እንዳለ ልንገራችሁ፦ ደረጃው ላይ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል ያለው ማረፊያ በአንድ ጎኑ ክፍት ነው። ፀሐይ በቀጥታ አይገባም፤ ብርሃኑ ከጎን ለስለስ ብሎ ይመጣል። ሲሚንቶው ግድግዳም ያው ግራጫ ስለሆነ መለኪያው ደስ ይለዋል። እማማን እዚያ አስቀመጥኳቸው። ጥለቱ ክር በክር ታየ። ፊታቸውም መጣ።

«እማማ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ።»

«በለቅሶዬ ላይ ምን አግኝቼ ነው የምስቀው?»

ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። አገጫቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ ኋላ ያለውን ሰው የሚያዩ ይመስላሉ፤ እዚያ ደግሞ ያለሁት እኔ ነኝ።

እንደ እኔ ያለው ጀማሪ ሁሌ የሚፈልገው «ተፈጥሯዊ» ፎቶ ነው። ሰው ሳያውቅ፣ ሲያዛጋ፣ ጎመን ሲቀነጥስ። እማማ ግን ከጥንቱ ወገን ናቸው። በድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶኒም በተራቸው ቤተ መንግሥት አንስተዋል። የዚያን ዘመን ፎቶዎች ተመልከቱ። ማንም ጎመን አይቀነጥስም። ሁሉም ከለበሰው ልብስ ጋር እኩል ቀጥ ብሎ፣ «ይኸው እኔ» ብሎ ነው የቆመው። እማማ ያንን ወግ ከየት እንደተማሩት እንጃ፤ ዩቲዩብ ግን አያዩም።

መሐል ከተማ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ከብዙ አገር ሥራ አሳይቷል። የእኛ ኤግዚቢሽን የእማማ ሳሎን ነው። ፎቶውን በፍሬም አድርገው ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀሉት። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ይጎበኘዋል።

«ስሞት የሚወጣው ይሄ ነው» ይላሉ እማማ።

«እግዜር ያቆይዎት! እንዴት ያምራል!» ይላል እንግዳው። ቀጥሎ የሚለው ደግሞ «ማነው ያነሳዎት?» ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው አያሳልፍም። ሽማግሌውም አሮጊቱም ለድንኳኑ እያሰበ ልብሱን አስተኩሶ ይመጣል። «ባለ ቪትዙ» ገና አርባ ዓመት አልሞላውም፤ «ለማንኛውም» ብሎ ተነስቷል። ወሬው እድር ደረሰ። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ «ካሜራማኑ በንብረት ይያዝልን» ብለው አሳብ አቀረቡ፤ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ። ከድንኳኑና ከወንበሮቹ በኋላ፣ ከትልቁ ብረት ድስት ቀጥሎ ተጽፌያለሁ። ስሜ እዚያም የለም።

በመስከረም ደግሞ ሌላ ወረፋ አለ። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን ከመሐል ከተማ ሰው በመኪና ይመጣል። ከላይ ሐበሻ ቀሚስ፣ ከታች ጭቃ የጠገበ ስኒከር። «እግሬን እንዳታስገባ» ይባላል። አበባው ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ መሬት ተኝቼ ካነሳሁ ግጥም ያለ ይመስላል፤ ይሄን ዘዴ አንዴ ያየ ሰው ሁሉ እንድተኛ ያዘኛል። ዝናቡ አየሩን ስለሚያጥበው በዚያ ሰሞን ዝቋላ በደቡብ በኩል ጥርት ብሎ ይታያል። ማንም ግን አያየውም። ሁሉም ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሯል።

ማንሳቱ ግን ምንም አይደል። ፍዳው የሚጀምረው ማታ፣ ቴሌግራም ላይ ነው። «በፋይል ላክልኝ፣ ይደበዝዛል።» «ቀላ አድርገኝ።» «ሆዴን።» ሌላ ምንም የለም፤ «ሆዴን» ብቻ።

የአራተኛ ፎቋ የልጇን ክርስትና አንስቼላት ነበር። ከበዓሉ በኋላ የባሏ ወንድም ከቤተሰቡ ጋር በውርስ ቤት ተጣላ። «ወንድሜ፣ ያንን ሰውዬ ከፎቶው አውጣልኝ» አለችኝ። አወጣሁት። የቆመበት ቦታ ላይ መጋረጃ ዘረጋሁ። ፎቶው ታትሞ ተሰቀለ።

በፋሲካ ሽማግሌ ገባና ታረቁ። በማግስቱ ሌሊት ደወለች። «ወንድሜ በሞቴ፣ ሰውዬውን መልሰው! ነገ ምሳ ሊበላ ይመጣል!»

መለስኩት። ጧት አሳትማ ሰቀለችው። እኔም ተጠርቼ ስለነበር ሰውየው ፎቶውን ሲያየው አጠገቡ ነበርኩ። እንጀራውን እንደያዘ ጠጋ አለና ረጅም ሰዓት ተመለከተው።

«ያን ቀን እንዲህ ዳር አልቆምኩም ነበር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ሕፃኑ ጠጋ አድርገኝ። እግረ መንገድህንም ኮት አልብሰኝ።»

«ምን ዓይነት ይሁንልህ?»

«አንተ ታውቃለህ። ብቻ ከወንድሜ የተሻለ ይሁን።»