አንቴናው ምን በደላችሁ?

ኧረ በቃ! ከቤት ውጭ የተሰቀለ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) «ሲግናል አይሰጥም» በተባለ ቁጥር አንቴናውን ወቅሶ ሌላ ትልቅ ማዘዝ መቼ ነው የሚቀረው? ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው የአንቴና መሰኪያ (ፖርት) እስከ አንቴናው ባለው ኬብልና ኮኔክተር ላይ ነው። መሰላል ወጥቶ እሱን የሚፈትሽ ግን የለም።

ለምሳሌ ኮኔክተሩን ተመልከቱ። ከቤት ውጭ ለሚሰቀሉት የተለመደው ኤን-ታይፕ ነው፤ አነስ ባሉት ላይ ደግሞ አርፒ-ኤስኤምኤ ይመጣል። አርፒ-ኤስኤምኤና ተራው ኤስኤምኤ ጥርሳቸው አንድ ነው። የአርፒ-ኤስኤምኤ ወንዴ መሃሉ ቀዳዳ፣ የኤስኤምኤ ሴቴም መሃሉ ቀዳዳ! ጥብቅ ብለው ይታሰራሉ፣ መሃል ላይ ግን የሚነካካ ነገር የለም። አጠገቡ ስትቆሙ ሲግናል ይታያል፣ ትንሽ ራቅ ስትሉ ድርግም ይላል። ከማሰራችሁ በፊት መሃሉን እዩት፤ በአንደኛው በኩል ፒን፣ በሌላው ቀዳዳ ካልሆነ አትግጠሙት። ስታጠብቁም የምትይዙት ነቱን እንጂ የአንቴናውን ገላ አይደለም፤ ገላው ሲጠመዘዝ ውስጡ ይበጠሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ኬብሉ ነው። 10 ሜትር አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ2.4 ጊጋኸርዝ (አንዱ የዋይፋይ ባንድ) ወደ 10 ዲሲቤል (የሲግናል ብክነት መለኪያ) ይበላል። ይህ ማለት አንቴናው ጋ የሚደርሰው ከኃይሉ አንድ አሥረኛው ነው፤ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ይብሳል። ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 ኬብል እንኳ በ10 ሜትር፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ 2.2 ዲሲቤል ያህል፣ በ5.8 ጊጋኸርዝ 3.5 ያህል ያጠፋል፤ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። ታዲያ የ8 ዲቢአይ (አንቴናው ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያጠነክር መለኪያ) አንቴና ገዝቶ በቀጭን ኬብል ማሰር ምን የሚሉት ሥራ ነው? አክሰስ ፖይንቱን እዚያው አንቴናው ሥር ስቀሉት! የኔትወርክ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ዳታውንም መብራቱንም ይዞ ይወጣል። የአንቴናው ኬብል ከአንድ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል።

መብረቅ መከላከያ የምታስገቡም እባካችሁ ጽሑፉን አንብቡ። እስከ 3 ጊጋኸርዝ ብቻ የተሠራ ብዙ አለ። ባለ ሁለት ባንድ መስመር ላይ ሲገባ 2.4 ደህና ይሠራል፣ 5 ግን ይሞታል፤ ከዚያ ወቀሳው አንቴናው ላይ ይወድቃል። እስከ 6 ጊጋኸርዝ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ኧርዙም በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይታሰር። ኧርዝ ያልታሰረ መከላከያ ምንም አይከላከልም።

ፖርቶቹስ? አንዳንዱ መሣሪያ በአንድ ፖርት ሁለቱንም ባንድ ያወጣል፣ ሌላው ለየባንዱ የተለየ ፖርት አለው። ይህን ከመሣሪያው መመሪያ ሳያዩ መሰካት ግምት ነው። አራት ፖርት ላለው ሁለት አንቴና ብቻ ሰክቶ መውረድ ደግሞ አለ! ክፍት የቀረው ፖርት ኃይሉን መልሶ ወደ ራዲዮው ይገፋል፣ ውሃም ያስገባል። የማትጠቀሙበትን በሶፍትዌሩ አጥፉት፣ በ50 ኦም ተርሚኔተር (ኃይሉን የሚውጥ ክዳን) ዝጉት።

ውሃ ካነሳን፣ ናስትሮ ብቻውን ውሃ አይከላከልም። መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ እየሳባችሁ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረባችሁ፣ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚደራረበው ማለት ነው። ናስትሮው ከዚያ በላይ ይምጣ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትቀቡ፣ መዳቡን ይበላዋል። ከአንቴናው ሥር ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳም አትድፈኑ። ኬብሉ ከኮኔክተሩ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ዲቢአይ ሲጨምር ኃይል አይፈጠርም፤ ጨረሩ ይጠባል እንጂ። ዙሪያውን የሚረጭ 8 ዲቢአይ አንቴና ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ ከወጣ ሲግናሉ ከሥሩ በቆመው ሰው አናት ላይ ያልፋል። ለዚያ ቦታ አነስ ያለ ዲቢአይ ይሻላል። የትኛውንም ብትሰቅሉ ግን ትክክለኛውን ዲቢአይና የኬብሉን ብክነት ሶፍትዌሩ ላይ ሙሉ። ዲቢአዩን ከእውነቱ አሳንሶ መሙላት ከሕጉ በላይ ማሰራጨት ነው፣ የጎረቤቱን ኔትወርክም ይረብሻል።